ጦጣ መመገብ ደግነት ነው? ፓርክና ጥብቅ ደን ስንሄድ ስለምናደርገው እንነጋገር

የጫካ መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ የሚለው ሰው በዝቷል። ቅርብ የፈለገ መናገሻ ሱባ ይሄዳል። መኪና ያለው አብጃታ ሻላ ወይ አዋሽ ይወርዳል። ጊዜና ገንዘብ የተመቸው ደግሞ ባሌ ድረስ ይዘልቃል። በጣም ደስ ይላል። ድሮ ፓርክ የፈረንጅ ብቻ ይመስል ነበር፤ አሁን ቤተሰቡን ይዞ የሚሄደው የራሳችን ሰው ነው።

ነገር ግን ከጉዞ መልስ የሚለጠፉትን ቪዲዮዎች ሳይ አንጀቴ ያርራል። ጦጣ ከልጅ እጅ ብስኩት ሲመነትፍ ይሳቃል። ፍላሚንጎዎቹ ብድግ ብለው እንዲበሩ ተብሎ ወደ ሐይቁ ይሮጣል። ቀይ ቀበሮ ፊቷን እንድታዞር ክላክስ ይነፋባታል። ይህን የሚያደርጉት እንስሳ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። ወድደው፣ ብር ከፍለው፣ ስንት ሰዓት ነድተው የሄዱ ናቸው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ከምግቡ ልጀምር። ጉሬዛን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ጥቁር ሰውነቱ ላይ ነጭ ጸጉር እንደ ካባ የወረደለት፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ጨጓራው የተከፋፈለ ነው፤ ቅጠሉን የሚያብላሉለት እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እዚያ ሆድ ውስጥ ኬክና ከረሜላ ሲገባ ሥራው ሁሉ ይዛባል። ሆዱ ይነፋል፤ ሊሞትም ይችላል። ጭላዳም የእኛ ምግብ አያስፈልገውም። በዓለም ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖች ሁሉ ኑሮውን በዋናነት በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ስታዩት ምሳውን እየበላ ነው። ዳቦ የሚሰጠው አጥቶ አይደለም።

ጦጣና ተራው ዝንጀሮ ግን ያገኙትን ይበላሉ። የእነሱ ችግር ሌላ ነው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ ሳይሰጡት ሲቀር ይቆጣል። ይነጥቃል፣ ይቧጭራል፣ ይነክሳል። ሰው መፍራቱን ስለተወ የገበሬው ማሳ ውስጥም በድፍረት ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ድንጋይ ወይ መርዝ ነው። እኛ ያኔ ቤታችን ገብተናል።

እናንተ ስትሄዱ ምን ታያላችሁ? በተለይ ፓርክ አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች ብትጽፉ በጣም ደስ ይለኛል።

የሁለት ልጆች እናት

ጥሩ ነገር አነሳህ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ስንሄድ ጦጣዎቹ ራሳቸው መጥተው ይከቡናል። ልጆች ደግሞ ኦቾሎኒ ካልሰጠን ብለው ያለቅሳሉ። አጠገባችን ያለው ሁሉ እየሰጠ እኔ ብቻዬን ብከለክል ምን ይለወጣል? ለተራበ ፍጡር መስጠት ጽድቅ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ልጆቼንም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። አሁን ደግሞ አትስጡ ስላቸው ግራ ይገባቸዋል።

አስጎብኚ በመንገድ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሥራዬ ሰው ይዞ መዞር ስለሆነ ይህንን ከብዙ እናቶች እሰማለሁ።

ለልጆቹ እንዲህ በያቸው፦ "ጦጣው የራሱ ቤት አለው፣ የራሱ ምግብም አለው። እኛ እንግዶች ነን።" ልጅ ይህን ቶሎ ይረዳል። ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ልጅ ዝም ብሎ ቁም ሲባል ነው የሚሰለቸው። "ግልገል ያዘለችው የትኛዋ ናት? አለቃው የቱ ይመስልሃል? ማን የማንን ጸጉር ነው የሚያበጥረው?" ብለሽ ጠይቂያቸው። አንዷን ግልገል እየተከተሉ ሲያዩ ኦቾሎኒውን ይረሱታል። ርካሽም ቢሆን ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካገኘሽ ያዢ።

ምግቡን ከመኪና አታውጪ። መኪና ከሌለ ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ፌስታል አትያዙ፤ ጦጣዎቹ የፌስታል ድምፅ ሲሰሙ ምግብ እንዳለ ያውቃሉ። ጦጣ ከቀረበ አትሩጡ፤ ዓይን ዓይኑንም አትዩት። ጥርስን አሳይቶ መሳቅ ለእሱ ማስፈራሪያ ነው። ባዶ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሳዩትና ቀስ ብላችሁ ራቁ። ዕቃ ከነጠቀ ልቀቁለት። ብዙ ሰው የሚነከሰው ለአንዲት ፓኬት ብስኩት ግብግብ ሲገጥም ነው።

ይህቺን ግን ሁሉም ሰው ልብ ይበላት። የዱር እንስሳ ወይም ውሻ ከነከሰ ወይ ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ትንሽ ጭረት ናት ብላችሁ አትተዉት። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ሕክምና አያድነውም ማለት ይቻላል።

ቆላ በረሃ

እኔ ነገሩ የተጋነነ ይመስለኛል። አብጃታ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ነው የሸሸው። ወደ እሱ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ዳሩ ላይ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲሠራ ኖረ። አዋሽ ውስጥ ግራሩ እየተቆረጠ ከሰል ይሆናል፤ በመሀሉ የጅቡቲ አስፋልት ያልፋል። ይህ ሁሉ እያለ አንዲት እናት ለልጇ ኦቾሎኒ ገዛች ብሎ መወያየት ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ ትልቁ ይስተካከል።

ወፍ ተመልካች

ወንድሜ ቆላ በረሃ፣ ስለ አብጃታ ያልከው እውነት ነው። እኔንም ያንገበግበኛል። ሻላ ውስጥ ያሉት ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉ ፔሊካኖች አሉ። ሻላ ጥልቅ ነው፤ 260 ሜትር ያልፋል፤ ግን ለእነሱ የሚሆን ዓሣ የለውም። ስለዚህ ዓሣ ፍለጋ ኮረብታውን ተሻግረው አብጃታ ይሄዱ ነበር። አብጃታ ሲሸሽና ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ። ወፎቹም ርቀው መሄድ ግድ ሆነባቸው። ይህን ያደረገው ኦቾሎኒ አይደለም። እስማማለሁ።

ግን የተዳከመን እንስሳ ነው ደርሰን የምናስደነግጠው። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚባለውን ዝርያ እንውሰድ። የሚበላው ውኃው ውስጥ የሚበቅል፣ በዓይን የማይታይ ዋቅላሚ ነው። ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ውኃውን በምንቃሩ እያጣራ፣ ሰዓታት ሙሉ። ሮዝ መልኩም የሚመጣው ከዚያው ምግብ ነው። አንድ ቡድን ቪዲዮ ሊቀርጽ ሮጦ ሲያስነሳው መብላቱን ያቆማል፤ ለመብረር ደግሞ ጉልበት ያወጣል። ያ ቡድን ሲሄድ ሌላ ይመጣል። ቅዳሜ ቀን ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስበው።

ስለ ሐይቁ ውኃ እኔና አንተ የምንወስነው ጥቂት ነው፤ መጮህ እንችላለን፣ መጮህም አለብን። የሩጫው ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው። ከዳር 100 ሜትር ያህል ርቀህ ቁጭ በል። ዝም በል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ አንተ እየተጠጉ ሲመጡ ታያለህ። ከሩጫው ቪዲዮ የተሻለ ነገር ይዘህ ትመለሳለህ።

በነገራችን ላይ መኪና ይዛችሁ ወደ ሐይቁ ጭቃ አትውረዱ። ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥር ግን ይሰምጣል።

ቆላ በረሃ

መልስህ ተመችቶኛል። ስለ ከሰሉና ስለ ውኃው ግን ዝም አንበል ነው የምለው። ጎብኚ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር አልወድም።

የጓሳ ልጅ

ሰላም። እኔ መንዝ ነው የተወለድኩት፣ ጓሳ ሥር። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ይህ ጉዳይ የእኛ የቤት ጉዳይ ነው።

ጓሳ ፓርክ ሳይባል፣ ጎብኚም ሳያውቀው ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይባላል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። መሬቱን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው፤ የእነሱ ተወላጆች በየወገናቸው አባ ቄራ ይመርጡ ነበር። የጓሳው ሣር ለዓመታት ይከለከላል። ማጨድ የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም በሥርዓት ያጭዳል። ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። ሕጉን የጣሰ ከባድ ቅጣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1975 መሬት የመንግሥት ሲሆን ቄሮው ፈረሰ። ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ መጠበቁን መልሶ ጀመረ፤ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ዛሬ እዚያ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ርዕሳችሁ። ጓሳ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ የጭላዳ መንጋ መሀል ገብታ አይጥ ታድናለች። ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሣራቸውን ይነጫሉ፣ አይሸሿትም። እሷም ግልገሎቻቸውን አትነካም ማለት ይቻላል። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፣ እንዳታስደነግጣቸው። ተመራማሪዎች ይህን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት አለ። ቀበሮዋ ጭላዳ መሀል ሆና ስታድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካላታል። ብቻዋን ስትሆን 25 ብቻ። ምናልባት ጭላዳዎቹ ሲንቀሳቀሱ አይጦቹ ይዘናጋሉ፤ ወይም ጭላዳው ሣሩን ሲያነሳ አይጦቹ ይጋለጣሉ።

ያው ጭላዳ ውሻ ሲያይ ግን ወደ ገደል ይሮጣል። ስለዚህ እባካችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ አትምጡ። የታሰረም ቢሆን። ፎቶ ለማንሳት መንጋው መሀል ሰንጥቃችሁ አትግቡ። አንድ ሰው ሲገባ መንጋው ለሁለት ይከፈላል፣ ቀበሮዋ ትሸሻለች፣ ያ ሁሉ ትዕግሥቷ ከንቱ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትመጡ የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ያዙ። የማኅበረሰቡን ማረፊያ ተጠቀሙ። ሣሩን ሳያጭድ፣ ከብቱን ሳያስገባ የሚቀረው ገበሬ ከእናንተ መምጣት አንዳች ነገር ማግኘት አለበት። ከከተማ ምግብም ውኃም ጭናችሁ መጥታችሁ፣ ቆሻሻ ብቻ ጥላችሁ ከሄዳችሁ ለምን ይጠብቀው?

የጫካ መንገድ

የጓሳ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭላዳና ቀበሮ አብረው ውለው እንደሚገቡ ባውቅም እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ አልነበረም። የመጨረሻዋን አንቀጽህን ሁሉም ሰው ደግሞ ደግሞ ያንብባት።

ከጎባ

ውሻ ስለተነሳ እኔም ልናገር። እኔ ባሌ ነኝ።

በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እኛ ጋ ናቸው፣ ባሌ ተራሮች ላይ። ሌላ አገር የለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። እነዚህን ከጥይት ይልቅ እየጨረሰ ያለው ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92 ገባ፣ በ2003 እና 2004 ተመለሰ፣ በ2008 እና 2009 ደገመ፣ በ2014 እንደገና። በ2003ቱ ወረርሽኝ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ነው የሚኖረው። ጠዋት ይገናኛሉ፣ ይላላሳሉ፣ አብረው ክልላቸውን ዞረው ያያሉ። አንዷ ከታመመች ሁሉም ይያዛሉ።

ስለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የገጠሩ ውሾች እየተከተቡ ያሉት። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደረገ የአፍ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ልጆች በፈረስና በእግር፣ በዚያ ብርድ ነው የሚዞሩት። በጣም አከብራቸዋለሁ።

ከጎብኚ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ውሻ አታምጡ፤ ቤታችሁ ያለውን ውሻም አስከትቡት። ፓርክ ባትሄዱም አስከትቡት። ሁለተኛ የተረፈ ሥጋና አጥንት መንገድ ዳር አትጣሉ። የተጣለ ምግብ ባለቤት የሌለውን ውሻ ቀበሮዎቹ ወዳሉበት ከፍታ፣ ወደ ሳነቴ ይጠራል። ውሻው ከመጣ በሽታው አብሮ ይመጣል። እናንተ አንዲት አጥንት ብቻ ጣልን ብላችሁ ነው የምታስቡት።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ቀበሮዎቹ የሚወልዱት ያኔ ነው። ቡችሎች ያሉበት ጉድጓድ ካያችሁ ከመኪና አትውረዱ፤ ቦታውንም ኢንተርኔት ላይ አትጻፉ። እናትየዋ ከተረበሸች ቡችሎቹን በአፏ እያንጠለጠለች ሌላ ጉድጓድ ትፈልጋለች። በዚያ ብርድ።

ሹፌር ነኝ

ከጎባ፣ አንተ ባልከው ላይ ልጨምር። የሳነቴ መንገድ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቀጥ ያለና ጭር ያለ ስለሆነ እግር ሳያስበው ነዳጅ ይረግጣል። ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ፊት ለፊት ምንም አይታይም። ቀበሮዋ ከመንገዱ ዳር አይጥ ስትጠብቅ ተጎንብሳ ነው የምትቆመው፣ ከሣሩ ጋር አንድ ትመስላለች። በ30 ንዱ። እንስሳ ስታዩ ወደ ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ከመኪና አትውረዱ። መኪናውን አትፈራም፤ የሰው ቁመና ስታይ ነው የምትሸሸው። ክላክስ የሚነፋ ተሳፋሪ ካለ ሹፌሩ ይከልክል። መሪውን የያዘው እሱ ነው።

አዋሽም እንደዚሁ ነው። አስፋልቱ ላይ ማታ ማታ ጅብና ተራው ቀበሮ ይገጫል። ፓርኩ ውስጥ ሳላ፣ ያንን ረጅም ቀንድ ያለውን፣ ስታዩ ደግሞ አታባርሩት። ሳላ በዚያ ሙቀት ውኃና ጉልበት እየቆጠበ ነው የሚኖረው። ለቪዲዮ ተብሎ በመኪና ሲባረር አይቼ ደሜ ፈልቷል።

ድሮን ያለኝ

አንድ ጥያቄ። ስሜን ላይ ድሮን ባበር ከላይ ስለሆነ እንስሳቱን አይነካም አይደል?

ወፍ ተመልካች

ይነካል። እንዲያውም ከላይ የሚመጣ ነገር ነው ይበልጥ የሚያስፈራቸው። ጭላዳ ከላይ ንስር ይፈራል፤ የድሮን ድምፅ ሲሰማ ይበታተናል። ስሜን ገደሎች ላይ ጢማሙ ጥንብ አንሳ ጎጆ ይሠራል። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ማለት ነው። ጎጆው አጠገብ ድሮን ሲያንዣብብ እናትየው ትነሳለች፤ እንቁላሉ በዚያ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ ከተጋለጠ ሊበላሽ ይችላል። ደግሞ ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር በራሱ ችግር ውስጥ ይከትሃል። ካሜራህን ይዘህ ገደሉ ጫፍ ቁጭ በል። ጢማሙ ራሱ ከአንተ በታች ያልፋል፣ ጀርባውን ታየዋለህ። እመነኝ፣ ድሮን አያስፈልግህም።

ድሮን ያለኝ

እሺ፣ አመሰግናለሁ። ካሜራውን ብቻ እይዛለሁ።

ጠመኔ

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ግን ባሌና ስሜን ለእኛ ሩቅ ነው። ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የለውም። ቅርብ ያለ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ቦታ ብትጠቁሙኝ። ክፍሉም ትልቅ ነው፤ ልጆቹ ይጮኻሉ ብዬ እሰጋለሁ።

የደብር ዛፍ

መምህር፣ ሩቅ አይሂዱ። በእግር የሚደርሱበት ቤተ ክርስቲያን ካለ ግቢውን ይመልከቱ። በተለይ ሰሜኑ አካባቢ ዙሪያው እርሻ ሆኖ የቀረችው ደን ደብሩ ዙሪያ ያለችው ናት። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት እዚያ ይገኛሉ። ወፉና ንቡ መጠለያው እዚያ ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ሆነው፣ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋርም ተባብረው፣ ደኖቹን በድንጋይ አጥር እንዲከበቡ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ላይ የተለቀመ ነው። ማሳው ጸዳ፣ ደኑም ከብት እንዳይገባበት ሆነ። ከብት ካልረገጠው ከትልቁ ዛፍ ሥር ችግኝ ራሱ ይበቅላል። ሰው መትከል እንኳ ሳያስፈልገው።

አስተዳዳሪውን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ካህናቱ ስለ ዛፎቹ የሚያውቁትን ለልጆቹ እንዲነግሩ ይጋብዟቸው። የእነሱ እውቀት ቀላል አይደለም።

አስጎብኚ በመንገድ

ጋሼ ጠመኔ፣ አዲስ አበባ አካባቢ ከሆኑ መናገሻ ሱባም አለ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ። ደኑን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል። ጽዶቹ ግዙፍ ናቸው፤ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢከቧቸው በጣም ይደሰታሉ። ጉሬዛ አለ። የምኒልክ ድኩላም አለ፤ እሱን ለማየት ግን ጠዋት በማለዳ መድረስና ዝም ማለት ያስፈልጋል።

ትልቁን ክፍል በቡድን በቡድን ይከፋፍሉት። በቡድኑ አሥር ልጅ ይበቃል። አንዱ ቡድን ወፍ ሲያይ ሌላው ዱካና ኩስ ይፈልግ፣ ሌላው ቅጠል ይሳል። ቅጠል አይቀጥፉ፤ መሬት የወደቀውን ያንሱ። ስለ ጩኸቱ አይስጉ። አንዴ "ለአምስት ደቂቃ ዝም ብለን የምንሰማውን እንቁጠር" ብለው ይሞክሩ። ልጆቹ ራሳቸው እርስ በርስ ዝም ይባባላሉ።

ወፍ ተመልካች

መምህር፣ ልጆቹ የሚያዩትን ወፍ መዝግበው ይያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የወፉ ዓይነትና ብዛት። ስልክ ያለው ሰው ኢበርድ የሚባለው መተግበሪያ ላይ ሊያስገባው ይችላል፤ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት መረጃ ነው። እኛ አገር ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፤ የሚመዘግበው ሰው ግን ጥቂት ነው። በየወሩ አንድ ቦታ እየሄዱ ቢመዘግቡ በዓመቱ መጨረሻ ማንም የሌለው መረጃ በእጃችሁ ይኖራል። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች አሉ። ልጆቹ መቼ እንደመጡ፣ መቼ እንደሄዱ ቢይዙት ደስ የሚል ሥራ ነው።

ጠመኔ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በደብሩ እጀምራለሁ። ቆሻሻ ለቀማም ላካትት አስቤ ነበር፤ ምን ትላላችሁ?

የጓሳ ልጅ

ያካትቱ፣ ግን ጓንት ይልበሱ። ፌስታልና የውኃ ኮዳ ብቻ አይደለም። የተጣለ ናይለን ገመድና የሽቦ ቁራጭ ካዩ ይልቀሙ፤ የወፍ እግር ይጠላለፍበታል። የሲጋራ ቁራጭም እንዲሁ። በበጋ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦና ሣሩ በጣም ቶሎ ይነዳል። ስሜን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሳውን እሳት ታስታውሳላችሁ፤ ለማጥፋት ከውጭ አገር ሄሊኮፕተር እስከ መምጣት ደርሶ ነበር። የደረቀ እንጨት ግን አይልቀሙ። የወደቀ ግንድ ሥር ስንት ነፍሳት ይኖራል መሰላችሁ።

የሁለት ልጆች እናት

እኔም ልጆቼን ይዤ መናገሻ እሄዳለሁ። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፦ መንገድ ላይ የዝንጀሮ ግልገል በገመድ አስረው "ፎቶ ተነሱ" የሚሉ ልጆች ቢገጥሙንስ? ልጆቹም ያሳዝናሉ፣ ግልገሏም ታሳዝናለች።

አስጎብኚ በመንገድ

አትክፈዪ፣ ፎቶም አትነሺ። ግልገል ከእናቷ የምትወሰደው አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ ተገድላ ነው። አንድ ሰው ከከፈለ ነገ ሌላ ግልገል ትመጣለች። ልጆቹን አትቆጪያቸው፤ መርዳት ከፈለግሽ የሚሸጡት ፍራፍሬ ወይ የእጅ ሥራ ካለ ግዢያቸው። ከዚያ ቦታውንና ሰዓቱን ያዢና ለሚቀርብሽ የፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ንገሪ።

ደን ውስጥ ወጥመድ ካያችሁም እንዲሁ ነው። የሽቦ ቀለበት ዛፍ ሥር ታስሮ ካያችሁ ልጆቹን አርቁ፣ ራሳችሁ አትንኩት። ሁለተኛ ወጥመድ አጠገቡ ሊኖር ይችላል። ፎቶ አንሱት፣ የስልካችሁን ካርታ ከፍታችሁ ነጥቡን ያዙ፣ ስትወጡ በር ላይ ላለው ስካውት፣ ማለትም ለጠባቂው፣ አሳዩት። ስካውቱ ቦታውን ካወቀ በማግስቱ ሄዶ አካባቢውን ያስሳል።